ለደንበኞቻችን፦ ሪፖርታችሁ ላይ ያለው ቀይ መቼ ይብራ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ከገላን ቢሯችን የምንልክላችሁ ሠንጠረዥ ቀለሙ ቀንሷል። «ሪፖርቱ ደበዘዘብን» ብላችሁ የደወላችሁልን አላችሁ። የቀነስነው አስበንበት ነው። ቀሪውን ደግሞ እናንተ ናችሁ የምትወስኑት፤ ይህን የምንጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ይባላል። ሠንጠረዥና ሪፖርት የምንሠራባቸው ፕሮግራሞች፣ ኤክሴልም ፓወር ቢአይም፣ አላቸው። አንድ ሕግ ታስቀምጣላችሁ፤ ቁጥሩ ሕጉን ሲያሟላ ሴሉ፣ ማለትም የሠንጠረዡ ሳጥን፣ ራሱ ቀለም ይቀይራል። ቃሊቲ መጋዘን ያለው ዘይት ከ40 ካርቶን በታች ሲወርድ ይቅላ፣ በቃ። ገደቡ ግልጽ ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ኤክሴል ባዶውን ሴል እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ገና ያልተቆጠረ ዕቃም አልቋል ተብሎ ይቀላል። እኛ ባዶውን የሚያልፍ ሕግ ከላይ አስቀድመን «ስቶፕ ኢፍ ትሩ» የምትለዋን ምልክት እናደርግባታለን፤ ይህ ሕግ ከተሟላ ከሥሩ ያሉትን ሕጎች አትመልከት ማለት ነው።

ከቀይ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚሄደውን ቀለም ግን ከብዙ ሠንጠረዥ ላይ አንስተነዋል። ያምራል፣ አይካድም። ችግሩ፣ ገደብ ካልሰጣችሁት በራሱ ትንሹን ቁጥር ቀይ፣ ትልቁን አረንጓዴ ያደርግና ሌላውን መሀል ይደለድላል። አምስቱም ሱቆቻችሁ ጥሩ ቢሸጡ እንኳ አንዱ መቅላቱ አይቀርም። ምንም ያላጠፋ የሱቅ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ሲወቀስ ይውላል። የበዓል ዋዜማ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል፤ የፋሲካ ቅዳሜ ሽያጭ ብቻውን አረንጓዴውን ይወስድና ሌላው ቀን ሁሉ የታመመ ይመስላል።

ፓወር ቢአይን ራሳችሁ የምትነካኩ ካላችሁ፣ ይህቺን በደንብ አንብቧት። ሕግ ስታስገቡ «ነምበር» ወይስ «ፐርሰንት» ብሎ ያስመርጣችኋል። የትርፍ ድርሻ በመቶ ስለሆነ ሰው ሁሉ «ፐርሰንት» ላይ ይጫናል። ፕሮግራሙ ግን እሱን አይደለም የሚለው። በትንሹና በትልቁ ቁጥር መካከል ያለውን ርቀት ነው የሚከፋፍለው። የዕቃዎቻችሁ ትርፍ ከ10 እስከ 40 በመቶ ከሆነ፣ «ከ20 ፐርሰንት በታች» ያላችሁት 16 በመቶ ላይ ያርፋል። 18 በመቶ የሚያተርፈው ዕቃ ነጭ ሆኖ ያልፋል፤ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ። «ነምበር» ምረጡና 0.2 ጻፉ፤ 20 በመቶ ማለት ነው።

የዱቤ ሠንጠረዥ ሌላ ጣጣ አለው። ኤክሴል የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የመክፈያ ቀኑን 07/03/2018 ብላችሁ ኅዳር 7 ማለታችሁ ነው፤ እሱ ግን በፈረንጁ 2018 አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ገና ያልደረሰው ዕዳ ሁሉ ዓመታት እንዳለፈው ሆኖ ይቀላል። ጥቅምት 30ን፣ ማለትም 30/02/2018ን፣ ጭራሽ ቀን ነው ብሎ አይቀበልም፤ የካቲታቸው 30 የለውማ። እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ኤክሴል ሲያወዳድር ደግሞ ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል፣ ስለዚህ «ከዛሬ በፊት የሆነ ይቅላ» የሚለው ሕግ አይነካውም። ተበዳሪው ሳይከፍል ምሕረት አገኘ ማለት ነው! እኛ የፈረንጁን ቀን በተደበቀ ኮለም (ዓምድ) እንይዛለን፤ ቀለሙ ከዚያ ያነባል፣ እናንተ የምታዩት ግን የኛኑ ቀን ነው። ስለዚህ መዝገባችሁን በለመዳችሁት መንገድ ላኩልን።

ጳጉሜንንም እንነጋገርባት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ሽጣችሁ ከነሐሴ ሠላሳ ቀን ጋር ስትወዳደሩ መቅላት ነው ዕጣችሁ። ወይ ከነሐሴ ጋር እንደምራታለን፣ ወይ የቀን አማካይ እናወዳድራለን። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ሒሳብ ሠራተኛችሁ የመጀመሪያው ከተመቸው ግን አንከራከርም።

ሪፖርቱን በጥቁርና ነጭ አትማችሁ የምታነቡ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። እዚያ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም ያው ግራጫ ነው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገር ሰውም አለ፣ በተለይ ከወንዶች መካከል። ለዚህ ብለን ከቀለሙ ጎን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት ጨምረናል። አረንጓዴውንም በሰማያዊ ተክተናል።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው ገደቦቹን ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ስንት ሲቀር ልታዝዙ እንደምትፈልጉ፣ ዱቤ ስንት ቀን ሲያልፍ እንደሚያሳስባችሁ፣ ትርፍ ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ ዝም እንደማትሉ በቴሌግራም ጻፉልን። በድምፅ መልእክትም ይሆናል። ዕቃ አቅራቢያችሁ ለማድረስ የሚፈጅበትን ጊዜም ጨምሩበት፤ ከዱከም በዚያው ቀን የሚመጣና ከጅቡቲ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ አንድ ገደብ ሊኖራቸው አይችልም። እስከ ወሩ 25 ከደረሰን በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ እናስገባዋለን። ገደብ ያልላከልን ደንበኛ ሠንጠረዡ ለጊዜው ያለ ቀለም ይደርሰዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሪፖርት ክፍል፣ ገላን