ለመውረድም ኃይል ያስፈልጋል፦ የአቪዬሽን ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው ከወረቀት አውሮፕላን በመሥራት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ጥያቄ ግን የመጣው ቤቷ በባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ አቅጣጫ ከሆነ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ቲቸር፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ ድምፁ ዝቅ ይልና እንደገና ያጉረመርማል። ለመውረድ ኃይል ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

አባቱ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ልጅ ቀድሞኝ መለሰ፤ ታንኳ ዳር ሲደርስ መቅዘፍ ይቆማል አለ። ምሳሌውን ወደድሁት፤ ልዩነቱን ራሱ አሳይቶናልና። ታንኳ ቢቆምም ጣና ይሸከመዋል፤ ክንፍን ግን አየር የሚሸከመው ሲሄድ ብቻ ነው። ጎማና ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ሲዘረጉ ደግሞ የአየሩ መጎተት ይበረታል። በ3 ዲግሪ ተዳፋት፣ በየኪሎ ሜትሩ 52 ሜትር ገደማ እየወረደ ፍጥነቱ እንዳይከዳው የሚደግፈው ሞተሩ ነው።

ይህን በአሮጌው ኮምፒውተራችን፣ በበረራ መለማመጃው ላይ ሞከርነው። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፍጥነት በዝቶበት የኃይል እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ወረደ። ከፍታ ላለማጣት አፍንጫውን ቀና ሲያደርገው ይባስ ቀነሰ። ደንግጦ እጀታውን ቢገፋም ሞተሩ ወዲያው አልተነሣም። ከኋላው የቆሙት «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያሉ ይቆጥሩ ነበር። ስድስት ሳይሉ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው በፊት መሬት መታ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

የጄት ሞተር ከባድ ክፍሎቹ ከዝቅተኛ ዙር ወደ ሙሉ ኃይል እስኪደርሱ ሰከንዶች ይፈጃሉ። መሬት ሲቃረብ እነዚያ ሰከንዶች ውድ ናቸው። አብራሪው ሞተሩን ሳያስተኛ፣ ኃይሉን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው።

በግንቦት የከተማችንን ከፍታ አስበን ሂሳብ ሠራን። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ስለዚህም የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ የአውሮፕላኑ እውነተኛ ፍጥነት ከ280 በላይ ነው። ተማሪዎቹ ይህን በራሳቸው ስሌት ሲደርሱበት የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል።

በመጨረሻው ቅዳሜ ያው ተማሪ እንደገና ተቀመጠ። 300 ሜትር ላይ ፍጥነቱ አልረጋለትም። ማንም ሳይነግረው እጀታውን ገፋ፤ ማረፉን ትቶ ወጣ፤ ዞሮም መጣ።