ጠርተህ አትምታው

ልጄ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኔና አያትህ ደህና ነን። ጉልበቷ ትንሽ ተሽሏታል፤ ትናንት ብቻዋን ደጅ ወጥታ ቡና አሰጣች። ዘጌ እንደምታውቃት ናት፣ ጥላና ጸጥታ።

እህትህ ማታ ደውላ ስለ ቡችላው ነገረችኝ። ጫማዬን አኝኮ ጨረሰው አለች። ስለ ጫማው ግድ የለኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነው። «ቡቺ ና!» ብለህ ጠርተኸው፣ ጅራቱን እየቆላ ሲመጣልህ በቀበቶ ገረፍከው አሉ። ልጄ፣ ጠርተህ አትምታው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን አትርሳ።

ጫማውን የበላው ጠዋት ነው፤ የተገረፈው ከሰዓት በኋላ። ውሻ ሁለቱን አያገናኛቸውም። እሱ የሚያውቀው ጠራኸው፣ መጣ፣ ተመታ። «ና» ማለት ዱላ ነው ብሎ ይይዘዋል።

የድሮ ውሻችንን የመቻልን ነገር ግማሹን ታውቃለህ። መኪና ገጨው ብዬ ነግሬሃለሁ። ቀሪውን ዛሬ ልንገርህ።

ያኔ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ የጎንደር መንገድ ዳር ነበር። መቻል ቡኒ ነው፤ አንድ ጆሮው ቀና ያለ፣ አንዱ የወደቀ። የማበላው እኔ፣ የምቀጣውም እኔ። ዶሮ ባባረረ ቁጥር «መቻል ና!» እለዋለሁ፤ ሲመጣ በልምጭ። እያደር ስጠራው በሆዱ እየተሳበ መምጣት ጀመረ። ፈራኝ፣ ሥርዓት ያዘ ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ወጣ። አስፋልቱ መሃል ቆሞ የሆነ ነገር ያሸታል። ከድልድዩ በኩል ኤንትሬ ጭነት ይዞ ይመጣል። «መቻል ና!» አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ሰማኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ጅራቱን እግሮቹ መሃል ከተተ፣ ያ ቀና ያለው ጆሮው ተኛ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወደ መኪናው።

ሾፌሩ ወርዶ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ልምጩን ነበር የማስበው። ጠርተህ አትምታው የምልህ ለዚህ ነው።

አሁን ስማኝ። የከብት ሳንባ ግዛ፣ ቀቅለህ እንደ ሽምብራ ፍሬ ክተፈው። ምግቡን ከመስጠትህ በፊት፣ ሲርበው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ አሠልጥነው። ከዚያ በላይ ቡችላ ይሰለቸዋል። መጀመሪያ ከሁለት እርምጃ ላይ «ቡቺ ና» በለው። አንድ ጊዜ ብቻ። እንደመጣ ወዲያው አጉርሰው፤ ዘግይቶ የመጣ ጉርሻ ለምን እንደሆነ አይገባውም። ሲለምድ ከግቢው ጫፍ፣ ከዚያ ረጅም ገመድ አስረህ ከበር ውጭ። እህትህ እያፏጨች፣ አንተ «ወዲህ» እያልክ፣ አያትህ ጋር ሲመጣ ሌላ ቃል እየሰማ አይሆንም። ቤቱ በሙሉ አንድ ቃል ይያዝ። ልታጥበው ወይም ልታስረው ስትፈልግ አትጥራው፤ ራስህ ሄደህ ያዘው። «ና» ሁልጊዜ መልካም ነገር ይሁንለት።

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰሩንም ተው። ቡችላ ሰውን፣ ባጃጁን፣ የጎረቤት ልጆችን በትንሽነቱ ካልለመደ ሲያድግ ሁሉንም ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ጫማችሁን ከፍ አድርጉ፣ ለእሱ አጥንት ስጡት። ያገኘውን ማኘክ የጥርሱ ጠባይ ነው፣ ጥጋብ አይደለም።

ሐይቁ ዳር ስትወስደው ገመዱን አትልቀቅ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ደግሞ ሲመሽ ጭራሽ አትሂድ፤ ጉማሬ ከውሃ የሚወጣው ያኔ ነው። አዲሱ ድልድይ በ2016 ግንቦት ከተመረቀ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ መኪናው ይከንፋል። ቡቺ ስትጠራው የማይመጣ ከሆነ እዚያ አካባቢ እንዳላይህ።

ሦስት ወር ሲሞላው ለእብድ ውሻ በሽታ አስከትበው፤ ካርዱን ከልደት ካርድህ ጋር አስቀምጠው። በየዓመቱ ይደገማል። ማንኛውም ውሻ ቢነክሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ አይመለስም። ጸበሉም ይኑር፣ ክትባቱ ግን ይቅደም።

ሌላም አለ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ሰባት ዓመትህ ሳለ የዳቦ ብር ጠፋ። ሐይቁ ዳር ስትጫወት ጠራሁህ። እየሮጥክ መጣህ፣ ለእኔ የነቀልከውን ደንገል ይዘህ። ሳልጠይቅህ በጥፊ መታሁህ። ብሩ ማታ ከነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስጠራህ ሁለት እርምጃ ሲቀርህ ትቆማለህ። ቁመትህ በልጦኝ፣ ዛሬም ትቆማለህ። አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ኖርኩ። ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ።

ደብዳቤውን ለሚያመጣው ልጅ ላንተ የሚሆን ቡና ሰጥቼዋለሁ፤ ከከረጢቱ አውጥተህ ጸሐይ ላይ አስጣው፣ እንዳይሻግት። ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ። ቡቺን ይዘህ ወደቡ ላይ ጠብቀኝ፤ ገመዱን አትርሳ።

እናትህ