የእታለም ሕመምና የእማማ ነገር

ሰብልዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ?

ዝምታዬ የእታለም ሕመም ፋታ ስለነሳኝ ነው። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች። ትናንት እንኳ ጣና ዳር አብረን ወክ አድርገናል።

ሕመሙ የጀመራት ከላይኛው ሆዷ ነው። ወደ ጀርባዋ ይዘልቃል። በጀርባዋ መተኛት አቃታት፤ ትራስ ታቅፋ ወደ ፊት ስትጎነበስ ብቻ ትንሽ ያሳርፋታል። ሰፈሩ ሁሉ "ጨጓራ ነው" አለ፤ ተልባ ስትጠጣ ከረመች። ሲመረመር የቆሽት መቆጣት ሆነ። ታክማ ወጣች፣ ተመለሰባት።

መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የሐሞት ጠጠርና መጠጥ ናቸው። አልትራሳውንዱ ጠጠር አላሳየም። መጠጡን ግን ደጋግመው ጠየቋት። ጠላ በከንፈሯ የማታስነካ ሴት! እያለቀሰች ስትምልላቸው ያየሁት እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም የደም ካልሲየሟን አስለካች። ከ10.5 ማለፍ የሌለበት 12 አልፎ ተገኘ። "ቆሽት ሲቆጣ ካልሲየም አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል እንጂ አይወጣም" አለችና አንገቷን አስመረመረች።

አንገት ላይ ካለው የታይሮይድ ዕጢ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ፤ ጤነኛ ሲሆኑ የሩዝ ፍሬ ቢያህሉ ነው። የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። አንዷ አድጋ ሆርሞን ካበዛች፣ ካልሲየም ከአጥንት እየወጣ ደም ውስጥ ይበዛል። ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሠራል። በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ምግብ የሚፈጨውን የቆሽት ኢንዛይም አንጀት ሳይደርስ ያነቃዋል፤ ያኔ ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። እታለም የደረሰባት ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ሄዳ ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና ወጣች። የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ስለሚያልፍ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ድምጿ ምንም አልሆነም። በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ካልሲየሟ ወርዶ ጣቶቿንና ከንፈሯን ነዘር ነዘር ሲያደርጋት ካልሲየም ሰጧት፣ ተወት። ሆዷ ከዚያ ወዲህ አልተነሳባትም።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። የኩላሊት ጠጠሩ እየተመላለሰ እንዳስቸገራቸው ነግረሽኝ ነበር። ድካሙ፣ የአጥንት ሕመሙ፣ የሆድ ድርቀቱም አለ። ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን እባክሽ ካልሲየማቸውን አስለኪ፤ ተራ የደም ምርመራ ነው። ከፍ ካለ የፓራታይሮይድ ሆርሞኑም ይለካላቸው። ለአጥንታቸው ብለሽ የካልሲየም ኪኒን እንዳትገዢ፣ መጀመሪያ ውጤቱ ይታይ።

ውጤቱን እንደያዝሽ ደውዪልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው ትዕግሥት
ባሕር ዳር