ዶማ የያዘውና ጀሪካን የተሸከመችው፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ በክበባችን ትልቁን ስህተት የሠራሁት እኔው ስለሆንኩ ዘገባውን ከዚያው ልጀምር። የሥራ ድልድል ሳወጣ ወንዶቹን ዶማና አካፋ ላይ፣ ሴቶቹን ውሃ ማጠጣትና መዝገብ አያያዝ ላይ መደብኳቸው። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ብዙ አላሰብኩበትም። ጉድጓድ መቆፈር የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። ችግኝ ግን ሥር እስኪሰድ ድረስ ውሃ፣ አረምና ኩትኳቶ ይፈልጋል። ተከላው ሲያልቅ ወንዶቹ ተገላገሉ፤ ሴቶቹ ከትምህርት በኋላ ጀሪካን ተሸክመው ሲመላለሱ ከረሙ። ፎቶው ግን የተነሳው በተከላው ቀን ነው፣ ያውም ዶማ ከያዙት ጋር።

ነገሩን ያፈረጠችው መዝገብ ያዧ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። በስብሰባ መካከል መዝገቡን ገልጣ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ አነበበችልን። ቤቱ ጸጥ አለ። ድልድሉን እዚያው ቀደድኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ሥራውንም እየተቀያየሩ ሠሩ። መጀመሪያ ላይ ሴቶቹን ቁፋሮው ከበዳቸውና "ድሮስ!" ያሉ አልጠፉም። ጠጋ ብለን ስናይ ችግሩ ዶማው ላይ ነበር። ዛቢያው ወፍራም ስለሆነ ትንሽ እጅ አይጨብጠውም። ለካ ከወንዶቹም ሁለቱ ሲቸገሩ ከርመው፣ እንዳይሳቅባቸው ብለው ዝም ብለዋል! ቀጠን ያለ ዛቢያ ሲገባለት የሁሉም ቅሬታ አብሮ ቀረ። ጓንቱም ቢሆን ለትልቅ እጅ የተሰፋ በመሆኑ እጃቸው ውስጥ እየዞረ ዶማውን ያንሸራትት ነበር፤ በልካቸው ቀየርነው።

የዛፍ ውፍረት ስንለካ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ገጠመን። ልኬቱ የሚወሰደው "በደረት ቁመት" ነው ብዬ ስለነበር እያንዳንዱ በራሱ ደረት ለካ። ረጅሙ ልጅና አጭሯ ጓደኛው ለአንድ ዛፍ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው መጥተው ተከራከሩ። "የማን ደረት?" አለችኝ፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በደን ሥራ ደረት የሚባለው ከመሬት 1.3 ሜትር ነው፤ በዱላ ላይ ምልክት አድርገን ገላገልናቸው።

በንባብ ሰዓታችን ስለ ዋንጋሪ ማታይ ተነጋግረናል። እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ የመሠረተችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይከፍል የነበረው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዞረው ያችን መዝገብ ያዥ አዩአት። ማታይ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶች ሲዘምቱ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1942 ስላቋቋመችው የሴቶች የእንጨት ሠራተኞች ጓድም አንብበናል። ዛፍ ቆርጠዋል፣ ግንድ ለክተዋል፣ ትራክተር ነድተዋል። አንድ ልጅ "ጦርነት ባይመጣስ ማን ያስቆርጣቸው ነበር?" ብሎ ጠየቀ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

በአጥሩ ዳር ከተከልናቸው አብዛኞቹ ደርቀዋል፤ ጉድጓዱ ጥልቀት አልነበረውም፣ ጥፋቱም የሁላችንም ነው። ለረጅሙ ዕረፍት የውሃ ማጠጫ ተራ ዝርዝሩ በመሣሪያ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። ሦስተኛው ሳምንት ገና ባዶ ነው።