«የማረቆ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ በርበሬ ዋጋ መናር ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። እኔን ያስጻፈኝ ግን ያን ያህል ገንዘብ ከፍለን የምንወስደውን በርበሬ ለይተን አለማወቃችን ነው። በሥራዬ ምክንያት ወደ ክፍለ ሀገር እመላለሳለሁ፤ ከቡታጅራ፣ ከሀላባ ቁሊቶም ሆነ ከቡሬ ባዶ እጅን መመለስ በቤታችን እንደ ነውር ይቆጠራል። ታዲያ በየገበያው «ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ጎጃም ውስጥ ሆኜ እንኳ፣ የማገኘው መልስ «የማረቆ ነው» የሚል ነው።

ሻጮቹ ሁልጊዜ ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። ማረቆ የወረዳ ስም ነው፤ «ማረቆ ፋና» ደግሞ በምርምር ተመርጦ ለገበሬው የተሠራጨ፣ ከማረቆ ውጭም የሚዘራ ዝርያ ነው፤ በነጋዴ አፍ ሲነገር ደግሞ ቃሉ «ምርጥ» ከማለት አይለይም። አንዱ አገሩን፣ ሌላው ዘሩን፣ ሦስተኛው ሙገሳውን አስቦ ያንኑ ስም ይጠራል፤ ገዢውም ደስ ያለውን ይሰማል። ቦንጋ ገበያ ላይ ጣት የማታክለውን፣ ጥቁሯንና ጭስ ጭስ የምትሸተውን ጥምዝ የተባለች ቅመም የበርበሬ ዘመድ መስላኝ ስጠይቅ ሻጯ ስቃብኝ፣ ዘመዷ ቁንዶ በርበሬ መሆኑን አስረድታኛለች። እዚያ ስም ገና አልተደበላለቀም።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የማረቆ ወረዳ ከተማ ቆሼ፣ አንዲት እናት ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሰፋ ያለ ዛላ አንሥተው ጆሮዬ ሥር ነቀነቁት፤ ፍሬው ተንሿሿ። ከዚያ ቀጭ አድርገው ሲሰብሩት አስነጠሰኝ። «ከታጠፈ ውኃ ነክቶታል፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ «የማረቆ» ተብሎ የተሸጠልኝ በርበሬ እንደ ቆዳ ይተጣጠፍ የነበረው፣ ስንቀነጥሰውም ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ያበቀለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የሚረጩበት አሉ፤ እርጥበቱ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያመጣል፤ መልሶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ መርዙን አያጠፋውም።

ስለዚህ የግብርና ዓምዳችሁ የሚቀጥለው ምርት ገበያ ከመግባቱ በፊት፣ የታወቁትን ዝርያዎች ከነፎቶግራፋቸው፣ ከሚመረቱበት አካባቢና በየአካባቢው ከሚጠሩበት ስም ጋር፣ ባለሙያ ጠይቆ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ