የታሪክ ክበብ በ1864 ዘመቻ ላይ

ክበባችን ዘንድሮ ከአንድ ዘመቻ ጋር ከረመ፤ እ.ኤ.አ. በ1864 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ከደቡቡ ጄኔራል ሊ ጋር በቨርጂኒያ ከተናነቀበት ዘመቻ። «ምነው ሩቅ አገር ሄዳችሁ?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። የራሳችን ቁስል ገና ስላልጠገገ፣ ተማሪዎቹ ወገን ሳይለዩ የሚከራከሩበት ጦርነት ፈልገን ነው። (ወገን መለየታቸው ግን አልቀረም፤ ብዙም ሳይቆይ «ግራንቶች» እና «ሊዎች» ተባብለው ለየብቻ መቀመጥ ጀመሩ።)

ካርታውን በካርቶን ላይ ሠርተው ለሺህ ወታደር አንድ ፍሬ መደቡ፤ ለግራንት 120 ያህል ባቄላ፣ ለሊ 65 ያህል ሽምብራ። የሞተ፣ የቆሰለና የተማረከ ሁሉ ከካርቶኑ ይነሣል። በዊልደርነስ ጫካ ብቻ ከ17 በላይ ባቄላና 11 ያህል ሽምብራ ተነሣ። የቀድሞዎቹ የሰሜን አዛዦች እንዲህ ሲመቱ ወደ ኋላ ያፈገፍጉ ነበር፤ ግራንት ወደ ደቡብ ቀጠለ። በስፖትሲልቫኒያ ሜይ 12 ቀን 20 ሰዓት ያህል ተዋጉ። ከግማሽ ሜትር የሚወፍር የኦክ ዛፍ በጥይት ብቻ ተገዝግዞ ወደቀ፤ ጉቶው ዛሬም ዋሽንግተን በሚገኝ ሙዚየም ይታያል። ቀጥሎ በተዋጉበት በኮልድ ሃርበር ያዘዘውን የመጨረሻ ጥቃት ግራንት ራሱ በማስታወሻው ተጸጽቶበታል።

በጁን አጋማሽ 55 ያህል ባቄላና ከ30 በላይ ሽምብራ ወጥቶ ነበር። ሊዎች ድል አድርገናል ብለው ሲጨፍሩ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አካፍላ አሳየቻቸው፤ ሁለቱም ከጀመሩበት ግማሽ ያህሉን አጥተዋል። ልዩነቱ ተተኪ ላይ ነው። ሊም ጥቂት ረዳት ጦር ደርሶታል፤ የሰሜኑ ምንጭ ግን በቀላሉ የሚነጥፍ አልነበረም።

ትልቁ ክርክር «ግራንት አስቦበት ነው ወይ ጠላቱን በማመንመን ያሸነፈው?» የሚል ነበር። እኔ አይመስለኝም። በየውጊያው ማግስት በሊ ቀኝ ክንፍ ዞሮ ሜዳ ላይ ሊያወጣው ይሞክር ነበር፤ ሊ እየቀደመ መሸገ። እልቂቱ የመጣው መዞሩ ስላልተሳካ ነው። ደግሞም የሚመነምነው ወታደር ብቻ አይደለም። በኖቬምበር ምርጫ ነበር፤ የሟቾችን ዝርዝር በየጋዜጣው ያነበበው የሰሜን ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን ሊንከንን ለመጣል ተቃርቦ ነበር። በሴፕቴምበር ሌላው የሰሜን ጄኔራል ሸርማን የደቡቡን ከተማ አትላንታን ይዞ የሕዝቡን ልብ ባይመልስ ኖሮ የባቄላው ብዛት ምን ይፈይድ ነበር? ይህን ግራንቶችም አልመለሱልኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ ዘመቻ ቀጥሎ የመጣውንና ከዘጠኝ ወር በላይ የፈጀውን የፒተርስበርግ ከተማ ከበባ እንይዛለን። ምዝገባው በመስከረም ነው፤ ባቄላውን ነቀዝ ስለበላው አዲስ ይዞ የሚመጣ ቅድሚያ ያገኛል።