በገዛ ከተማዬ የእንግዳ ዋጋ ስለመክፈሌ

ቀን፦ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅማ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ያልተጠናቀቀ አገልግሎትና የተጋነነ ክፍያን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። ግንቦት ላይ ከካናዳ መጥተን ወደ ጅሬን መውጫ ቤት የተከራየነው ቤተሰብ እናት ነኝ። ባለቤቴን ታስታውሱት ይሆናል፤ ያ ረጅሙ ፈረንጅ። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ከ14 ዓመት በኋላ መመለሴ ነው። ልጆቼ ግን ከተማዋን ከፎቶ ውጪ አያውቋትም። «ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦችን የቤት ጣጣ እንጨርሳለን» ስትሉኝ እፎይ ብዬ የተዋዋልኩት ለዚህ ነበር። ጣጣው ግን ገና አላለቀም።

ከውሃው ልጀምር። የ2,000 ሊትር ሮቶ አመጣችሁ፣ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጣችሁት፣ ሄዳችሁ። መሬት ላይ የተቀመጠ ውሃ ሻወር ድረስ እንዴት ይወጣል? ሮቶ ወይ ማማ ላይ ይሰቀላል፣ ወይ ፓምፕ ይገባለታል። ውላችን ደግሞ «ከነማቆሚያው» ይላል። ስደውል «በያጁ ነገ ይመጣል» ተባልኩ። ያን የሰማሁት ሰኔ 3 ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ገላችንን የምንታጠበው በባልዲና በጆግ ነው። የጅማ ክረምት ጣሪያውን ሲደበድብ ያድራል፣ እኛ ከታች ውሃ እናሞቃለን። ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን እንደ ጨዋታ ይዘውት ነበር፤ አሁን እነሱንም ሰልችቷቸዋል።

ግቢው የቧንቧ መስመር ስላልገባለት ውሃ በቦቴ አስመጣችሁልን። አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 3,200 ብር። ለምን ተወደደ ስላችሁ «ዳገቱ ነው» አላችሁኝ። ጎብኚ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት በመኪና የሚወጣበት ዳገት! ከበታቻችን ያሉት እማማ ግን በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ሹፌር፣ በ1,800 ብር አስሞልተዋል። ሹፌሩን ስጠይቀው ሳቀና «እህቴ፣ ላንቺም ሲሆን ለእኔ የሚደርሰኝ ያው 1,800 ነው» አለኝ። ቀሪው 1,400 ብር የት ገባ?

በርጩማውም እንደዚሁ ነው። ለ3 በርጩማ 5,400 ብር ጻፋችሁብኝ። ሦስት እግር ያለው፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ እኮ ነው፤ እኔ እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ራሴ ገበያ ወርጄ በኦሮምኛ ተከራክሬ ያንኑ ዓይነት አንዱን በ900 ብር ገዛሁ። ለአገልግሎታችሁ ኮሚሽን እንደምትወስዱ አውቃለሁ፤ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ከፍዬዋለሁም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይሄ የዳያስፖራ ዋጋ ነው።

መብራቱ ደግሞ ያስፈራኛል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ኤሌክትሪሻናችሁ ከሳሎኑ መብራት ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ አገናኘው። እንጀራ በጋገርን ቁጥር ብሬከሩ ይጥላል፣ ግድግዳው በእጅ ሲነኩት ይሞቃል። ለብቻው መስመር ይዘርጋለት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩ።

ይኸው ሰው ከካናዳ ያመጣነውን የሊጥ ማቡኪያም አቃጥሎብናል። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ትራንስፎርመር ይፈልጋል። እሱ ግን መሰኪያውን ቆርጦ በአገር ቤት መሰኪያ ቀየረና ሰካው። ጭስ ብቻ! ማሽኑ የአማቴ ስጦታ ነበር። ትንሿ ልጄ እስካሁን «የአያቴ ማሽን» እያለች ታነሳዋለች።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ለባለቤቴ በስልክ «8:00 እንመጣለን» ብላችሁ ጻፋችሁለት። ከሥራ ቀርቶ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በር በር ሲያይ ዋለ። ሠራተኛው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ስምንት ሰዓት። ለዚህ አልከሳችሁም፣ ቤት ውስጥ ስቀንበታል። ግን ለፈረንጅ ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የምትል ቃል መጨመር ምን ይከብዳል?

የምጠይቀው ይህን ነው። እስከ ሐምሌ 23 ድረስ ሮቶው ማማው ላይ ይውጣ፣ ምጣዱም የራሱ መስመር ይዘርጋለት። ከውሃው 5,600፣ ከበርጩማው 2,700፣ በድምሩ 8,300 ብር ይመለስልኝ። ማቡኪያው የሚጠገን ከሆነ አስጠግኑት፣ ካልሆነ ዋጋውን ተነጋግረን እንወስን። ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። በቀኑ መልስ ካላገኘሁ ውሉንና ደረሰኞቹን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ባልደርስ ደስ ይለኛል፤ ሁላችንም እዚሁ ከተማ ነን፣ ነገ ገበያ ላይ እንገናኛለን።

የውሉና የደረሰኞቹ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። በያጁን ስትልኩ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉልኝ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን። ሐሙስ ብቻ አይሁን፤ ገበያ ነው የምውለው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ